ሞላን ማውጣት

«ማንበብና መረዳት አንድ ነው?» ብሎ የጎልማሶች ትምህርት መምህራችን ሲጠይቀኝ የደረሰብኝን ነገርኩት።

ፊደል በቆጠርኩ በስድስተኛው ወር፣ የእሽቅድምድም መኪና ሞተር የምትሠራው ልጄ ጠረጴዛ ላይ ከፈታታችው ሞተር አጠገብ የተወችውን ወረቀት ኮራ ብዬ አነበብኩ፤ «ፍጥነት ሲጨምር ሞላ መከተል ያቅተዋል። ሞላን አውጥቶ በአየር መተካት ይሻላል።»

እጮኛዋ ሞላ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ልጄ፣ አትድከም፤ በሌላ ተክታሃለች» አልኩት እየጨነቀኝ።

«በማን?»

«አየር ነው የሚለው። የአየር ኃይል ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

«ማን ነገረዎት፣ እማማ?»

«ራሴ አነበብኩት!»

ልጄ መጥታ ይህን ስነግራት ራሷን ያዘች። «እማዬ! የሞተሩ የቫልቭ ሞላ እኮ ነው! ቫልቩን የሚመልሰው ጥምዝምዝ ሽቦ!»

ሞላ ግን ያን ጊዜ ስልኩን አጥፍቶ ሐዋሳ ገብቷል። ልጄም ተከትላው ሄደች። እኔና ሞተሩ ቀረን።