ጀርባዋን የሰጠችው

እማማ ጣሂራ «ኸይር ነው» ብለው የመረቁት ሕልም ይደርሳል ይባላል፤ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ይህን ቃላቸውን ሳይሰማ ሕልሙን የሚነግራቸው የለም። ነርሷ ዓለምሸትም መጣች። ወንድሟ ከታሰረ ወዲህ አንዲት ሴት በሕልሟ እየመጣች፣ ጀርባዋን ሰጥታት ታለቅሳለች።

«ቦታዬን እንዳትወስድብኝ ፈራሁ፣ እማማ።»

«ወላሂ፣ አንቺው ነሽ! ወንድምሽ ሲወሰድ አንዲት እንባ ያልወጣሽ ደረቅ! ራስሽን አፍነሽ፣ አሁን ራስሽን ትፈሪያለሽ? ዛሬ ስትመጣ ‹ዙሪ› በያት።»

በማግስቱ ጠዋት ጣሂራ ጫታቸውን ሲቀነጥቡ ነጭ ጋዎን የለበሰችው ገባች። በርጩማውን ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀመጠች።

«አፈርሽ እንዴ? እንኳንም አፈርሽ!» ብለው ሳቁባት።

«ሕልም አየሁ፣ እማማ» አለች፤ ድምፁ የዓለምሸት ነው።

«ኸይር ነው። በይ ንገሪኝ።»

«እኔ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ዓለምሸት ደግሞ ጥጉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታለቅሳለች።»

ጣሂራ የያዙት ጫት ከእጃቸው ወደቀ።

ያን ጊዜ በሩ ከውጭ ተደበደበ። ዓለምሸት ደጅ ላይ ሆና፣ እያለቀሰች ጮኸች።

«እማማ! ‹ዙሪ› ስላት ከሕልሜ ወጣች፤ ኸይር እንዳይሏት!»