ያልተንቀጠቀጠው እጅ

ልብስ ሰፊው ክሩን በምራቁ አርጥቦ በመርፌው ቀዳዳ በአንዴ አሾለከው። ሱቁ ውስጥ ከእናቱ በቀር ማንም አልነበረም፤ የእሷም ልብ ስንጥቅ አለ። መድኃኒቱ በጆሮው የሚያወሩትን ድምፆች ዝም ቢያሰኝለትም እጁን ያንቀጠቅጠው ነበርና፣ አምስት ወር ሙሉ ክር የምታስገባለት እሷ ነበረች።

ክሩን መዝዛ አወጣችና «እስቲ ድገመው፣ የኔ ጌታ» አለችው። እጁ እንዲንቀጠቀጥ በሆዷ ለመነች። ደገመው፤ ክሩ ሰተት ብሎ ገባ። ደንበኛ ቢያየው «እጅህ ይባረክ» ይለው ነበር።

«ክኒንህን...» ብላ ሳትጨርስ ጣቱን ከንፈሯ ላይ አሳረፈ። ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ አልፎ ባዶው ወንበር ላይ ነበር።

«ቆይ፣ እማ» አላት በሹክሹክታ። «ሰው ሲያወራ አይቋረጥም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ?»