ከየት ነው የሚከፈተው?

የሌሊት ወፎች ያመጡት ቫይረስ አርባ ምንጭን ካስለቀሰ በኋላ፣ በየግቢው ያለ ማንጎ ሁሉ ክትባት እየተወጋ፣ የሌሊት ወፎቹ በልተው እንዲከተቡበት ለእነሱ እንዲተው ተደነገገ። ሰው መቅመስ አይችልም። የትርፌ ልጅ ምስጋና የተወለደችው ከሕጉ በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ አንጁሎ ፊቱ ፈክቶ ወደ ግቢያቸው ገባ።

«እትዬ ትርፌ፣ የምሥራች!»

«ምስር ብላ! ምን ተገኘ?»

«የሌሊት ወፎቹ ድነዋል። ደማቸው ሲመረመር ንጹሕ ሆነ። የዘንድሮው ፍሬ አልተወጋም፤ ብሉት!»

ትርፌ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶቿ ከየአጥሩ ማዶ ተቀበሏት። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ያን ሁሉ ሰው ሳታፍር፣ ዛፉ ላይ ወጣችና ደህና የበሰለውን ቀጥፋ ወረደች።

ምስጋና ማንጎውን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው።

«እማዬ፣ ይሄ ከየት ነው የሚከፈተው?»

ትርፌ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። የማንጎ አገር ልጅ ማንጎ መብላት አታውቅም። ልጣጩን በጥርሷ ገሽልጣ መልሳ ሰጠቻት።

ልጅቷ አንዴ መጠጠች። ከዚያ ጭማቂው እስከ ክርኗ እየወረደ ዓይኗን ጨፍና ጋጠችው።

«የሌሊት ወፎቹ ይህን ሁሉ ጊዜ ይሄን ሲበሉ ነበር?» ብላ ጮኸች በቅናት። «ሌላ!»

ትርፌ ሁለተኛ ጥሪ አልጠበቀችም፤ ዛፉ ላይ ተመልሳ ወጣች።