የቦግዌሎች የመጨረሻ ክፍል

ሮይስ በሩን ሲደበድብ ኮሪን ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። ወንድሟ በአመክሮ ከእስር ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ ቀኑን ብቻ ነበር የማታውቀው። ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ።

በሩን ስትከፍትለት ገፍትሯት ገባና ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ ሁለቱን እስር ቤት በልቶበታል። የግራ ጆሮው ግማሹ የለም። እዚያው በሰው ጥርስ ነው የሄደው።

«ስልኩ የት ነው?»

«ግድግዳው ላይ።»

ሽቦውን ጎትቶ በጠሰው።

«ቁጭ በይ። ፊልም ላሳይሽ ነው የመጣሁት።»

የዲቪዲ ካርቶን ወረወረላት። ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ላዩ ላይ ካርቱኖቹ ቦግዌሎች አሉ፤ ቦርጫሙ አባት፣ እናትየው፣ ሦስቱ ልጆች፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚኖሩት አያት።

«እንዴ! ይሄ ወጣ እንዴ?»

«ባለፈው ወር። ፕላስቲኩን ራስሽ ቅደጂው። ኋላ ‘አይተኸው ነው የመጣኸው’ እንዳትዪኝ።»

ያኔ፣ ሮይስ አሥራ ሰባት፣ ኮሪን አሥራ አምስት ዓመታቸው ሳለ፣ ማክሰኞ ማታ አንድ ተኩል ሲሆን ይሄን የካርቱን ቤተሰብ የማያይ ሰው ቶሌዶ ከተማ ውስጥ አልነበረም። እናታቸው መስታወት ፋብሪካ የማታ ተረኛ ናት። እንጀራ አባታቸው ሌስተር የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ ጥግ ይከፍትና ቀበቶውን ይፈታል። ለጎረቤት የሚሰማው ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው ሳቅ ብቻ ነው። እርኩስ!

አንድ ማክሰኞ ሌስተር ጋራዡ ውስጥ ጭንቅላቱ በቧንቧ መፍቻ ተፈርክሶ ተገኘ። መፍቻውን እንደያዘ፣ ደም በደም ሆኖ የተያዘው ሮይስ ነው። «ወድቆ አግኝቼው ነው» ቢል ማን ይስማው? «አንድ ቀን ጭንቅላትህን ባልፈረክሰው!» ሲል ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ኮሪን ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጇን ጭና ማለች፤ ቦግዌሎችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዬን አየሁ፣ ሮይስ ሳሎኑ ውስጥ አልነበረም ብላ። ዕድሜ ልክ ያስፈረደችበት ያቺ ቃል ናት።

«እዚያው ነበርኩ» አለ ሮይስ። «ከሶፋው ጀርባ፣ ወለሉ ላይ ተጋድሜ። ቀን ሌስተር ጎድኔን ሰብሮኝ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። በሶፋው ጥግ አሾልቄ ነው ያየሁት። አንቺ አላየሽኝም፣ እኔም አንቺን አላየሁሽም።»

«ሮይስ፣ ስንት ዓመቱ...»

«ዝም በይና ስሚኝ! ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ማስታወቂያ ይገባል። እስከዚያ ሌስተር ጋራዡ ውስጥ ሲዘፍን ጎረቤት ሰምቷል። ሁለት ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ከማስታወቂያው በኋላ ያለውን ያየ ሰው ገዳይ አይደለም። ይሄ ዲቪዲው ላይ ያለው ክፍል የታየው ያን ማታ ብቻ ነው፤ በሳምንቱ ፕሮግራሙን አቋረጡት። ችሎት ላይ ስተርክላቸው ‘ሰው ነግሮህ ነው’ አሉኝ። አሁን ቃል በቃል፣ ቀድሜ እነግርሻለሁ። ካልተሳሳትኩ ይሄን ትፈርሚልኛለሽ።»

ወረቀቱን ዘረጋው። የሰጠሁት ምስክርነት ስህተት ነበር ይላል።

«ከተሳሳትክስ?»

ከጃኬቱ ውስጥ መዶሻ አወጣ። «ያኔ እናንተ እንዳላችሁት ገዳይ ነኛ። ገዳይ የሚሠራውን እሠራለሁ።»

ፊልሙ ጀመረ። ኮሪን ዓይኗን ከመዶሻው አልነቀለችም። ግን ጉድ ነው፣ አያትየው አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀድማ «ከገንዳዬ ውጡልኝ!» አለች። ሮይስ በሳቅ ፈነዳ።

«አንቺም አልረሳሽም!»

ማስታወቂያው ይገባበት የነበረው ቦታ ደረሰ። ዲቪዲው ላይ ማስታወቂያ የለም፤ ስክሪኑ ለአፍታ ጨለመና ቀጠለ።

«አሁን በር ይንኳኳል» አለ ሮይስ።

በር አልተንኳኳም። እናትየው ሳህን ትደረድራለች። ሮይስ ተነሣ፤ ፊቱ ቀላ።

«ይንኳኳል አልኩሽ!»

መዶሻውን የመስታወት ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ስባሪው የኮሪንን ጉንጭ ሰነጠቀው። ጭንቅላቷን በክንዷ ሸፈነች። መዶሻው ሁለተኛ ሲነሣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ በር ተንኳኳ።

«ፖስተኛው ነው!» ሮይስ ጮኸ። «ውሻው ካልሲውን ይነጥቀዋል። አያትየው ‘ያ ካልሲ የኔ አይደለም እንዴ?’ ይላሉ።»

አሉ። ከዚያ በኋላ አንድም አልሳተም። ማን እንደሚወድቅ፣ ማን እንደሚጮህ፣ ሳቁ የት እንደሚገባ ሁሉ ቀድሞ አለው። መጨረሻ ላይ መብራት ሲጠፋ ከአባትየው እኩል ተናገረ፦ «ደህና እደሩ፤ ነገ ደግሞ እንጣላለን።»

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«አየሽ? እዚያ ነበርኩ።»

«አየሁ» አለች ኮሪን። ከጉንጯ የሚንጠባጠበው ደም ወረቀቱን እያበላሸው ፈረመች።

«አንቺን አልቀየምሽም። ያየሽውን ነው የተናገርሽው። እውነተኛውን ገዳይ ግን ባገኘው፣ ከሌስተር ስለገላገለን መጀመሪያ እጁን እስመው ነበር። ከዚያ ስለ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ በዚህ መዶሻ ጣቶቹን አንድ በአንድ።» በእጅጌው አፍንጫውን ጠረገ። «ሁለተኛው ግማሽ ይበልጣል አይደል? እንድገመው?»

ኮሪን በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከማስታወቂያው በኋላ ያለውን ስታይ ግን የዛሬው የመጀመሪያዋ ነበር።