ከሐሳብ የተመደበው ጣዕም

ራዲያተር ጠጋኙ ሚስቱን «መርዝ እያበላችኝ ነው» ብሎ የከሰሳት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጥቶ ወሰዳት።

ሰውየው የታወቀ ታታሪ ነው። የጋዝ እሳቱን በቀኝ እጁ፣ ራዲያተሩን በግራው፣ እየቀለጠ ቀዳዳ የሚደፍነውን የስታኞ ዘንግ በጥርሱ ይዞ ስለሚውል ረዳት ቀጥሮ አያውቅም። ሰፈሩ «ሦስት እጅ» ይለዋል።

በክረምቱ ሰውነቱ ይከሳ፣ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ሚስቱ አየችና ጠዋት ጠዋት ሻይ በፔርሙስ ታስይዘው ጀመር። ሆድ ቁርጠቱ ግን ባሰበት። ማታ ማታ ደግሞ ነገር ታነሳበታለች፤ ጋራዡን ሸጦ ሌላ ሥራ እንዲጀምር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሥራ ይገድልሃል» ትለዋለች።

በቁሜ ልትወርሰኝ ነው ብሎ አሰበ። ወንድሟ የአይጥ መርዝ እንደሚሸጥ ትዝ ያለው ያኔ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከመክሰሱ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። የሚሰማውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ሲዘረግፈው ሐኪሟ አስቆመችው። የሥጋውን ለብቻ፣ የሐሳቡን ለብቻ እንዲለይላት ጠየቀችው። ደስ አለው፤ ብሎን ከብሎን መለየት የዕለት ሥራው ነው። ቁርጠቱን ከሻዩ መደበው። የጣቶቹን መደንዘዝ ከድካም። ቁጣውን ከሚስቱ። በመጨረሻ አንድ ነገር ተረፈው፤ ምላሱ ላይ የሚቀመጥ፣ ጣፈጥ የሚል የብረት ጣዕም።

«እሱ እንኳ ሐሳብ ነው» አላት። «ፔርሙሱን ገና ሳልከፍተው ይመጣል። ሥራዬን ስጀምር እሷን ማሰብ እጀምራለሁ፣ ወዲያው ምላሴ ላይ ይመጣል። ፍርሃት ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የራሴን ስሜት እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው?»

ሐኪሟ ደም ቀዳችና ሸኘችው።

አርብ ዕለት መርማሪው ወደ ጋራዡ መጣ። ከጣቢያ የሚስቱን መልእክት ይዞ ነበር፤ ልብሱ ገመድ ላይ ነው፣ ዝናብ ሳይመጣ ያስገባው ብላለች። ሰውየው አንድ ትልቅ ራዲያተር ላይ አጎንብሶ ነበርና ቀና አላለም።

መርማሪው የምርመራውን ውጤት ነገረው። ፔርሙሱ ንጹሕ ነው። ስኳሩም፣ የሻይ ቅጠሉም ንጹሕ ነው። የወንድሟ ሱቅ ተፈትሾ ሐኪሟ ደሙ ውስጥ ካገኘችው ጋር የሚገናኝ ነገር አልተገኘም።

«ደምህ ውስጥ ግን እርሳስ ሞልቷል። ብረቱ እርሳስ፤ የሚቀልጠው።»

«አላልኩም?» አለ ጠጋኙ፣ ጥርሱን ሳይከፍት። «እንግዲህ ከየት አምጥታ እንደምታበላኝ እሷን ጠይቋት።»

መርማሪው እሳቱን አየ፣ ራዲያተሩን አየ፣ ከዚያ የሰውየውን ፊት ቆም ብሎ አየ። ከኪሱ የማስረጃ ከረጢት አወጣ፤ አፉን ከፍቶ ዘረጋለት።

«ወንድሜ፣ እሱን ከአፍህ አውጣና እዚህ ውስጥ ጨምረው።»