ተዘግቶ የሚታይ ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥኑ ወደ ቤት የገባው በሁለት ተሸካሚዎች ትከሻ ነው። የበሩ አንዱ መዝጊያ ካልተነቀለልኝ ብሎ አስቸግሮ፣ እንደ ክፉ እንግዳ እየተገላመጠ ገባ። ታናሽ ወንድም ከኋላ ከኋላ እየተከተለ «ቀስ! መስታወቱን!» ይላል። ታላቂቱ እህት የመታጠቢያ ሳፋ እንደያዘች ቆማ አየችው፤ ቁጣዋም ያን ጊዜ ተጫረ።

ዓመታት ሙሉ እናቷን ያነሣችና ያስተኛች፣ ያጠበችና ያጎረሰች እሷ ናት። እናት ከደረጃ ላይ ከወደቁ ወዲህ አንገታቸው አይዞርም፤ ከክፍሉ መሐል ባለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። ከራስጌያቸው በስተኋላ ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን ቆሟል። የመሳቢያው ሲጥሲጥታ በሽተኛዋን እንዳይቀሰቅስ ልጅቱ ጠርዙን ሳሙና ቀብታዋለች። ከግድግዳው ላይ መስታወቱን ያወረደችውም እሷው ናት፤ «በሽተኛ የገዛ መክሳቱን ማየት የለበትም» ብላ። አልፎ አልፎ እናት «ቀለበቴስ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እሷም «ሕልም አይተሽ ነው፣ እማዬ» እያለች ትራሳቸውን ታስተካክላለች። እንዲህ ያለችውን አስታማሚ ጎረቤቱ ሁሉ ይመርቃታል።

ወንድምየው ግን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ብቅ ብሎ እናቱን ስሞ የሚጠፋ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ቴሌቪዥን ነዋ፣ እቴቴ! ግድግዳ መሰለሽ?»

«ፍራሹ ጀርባዋን ልጦ ጨረሰው፤ የምታግዘኝ ሰው ቅጠርልኝ ብዬ አፌ እስኪደርቅ ለመንኩህ። አንተ ሲኒማ ቤት ተሸክመህ ትመጣለህ?»

«ራሷ ናት ያዘዘችኝ። ‹ከሁሉም ትልቁን፣ የሚያብረቀርቀውን› አለችኝ። ባለ ሱቁ እንኳ ‹ይሄ መስታወቱ ዓይን ያስቸግራል፣ ያኛውን ውሰድ› ብሎኝ ነበር። የእናት ቃል ነው ብዬ እንቢ አልኩ።»

«ሰማዩን አውርድልኝ ብትልህስ?»

«መሰላል እፈልግ ነበራ!»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ቴሌቪዥኑ መስታወቱ ተሰቅሎበት በነበረው ቦታ ላይ ተሰቀለ፤ ግድግዳውንም ሞላው። ሲከፈት ክፍሉ በቀለም ተጥለቀለቀ፤ የአንድ ዜና አንባቢ ራስ የበርሜል ያህል ሆኖ ብቅ አለ። እናት ጥቂት አዩና «ዝጉት» አሉ።

«ምነው? ድምፁ በዛ?»

«አይ፣ ልጄ። እንዲሁ ደስ ይለኛል።»

ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም። እናት ግን የተዘጋውን ቴሌቪዥን ጥቁር ገበታ ከጠዋት እስከ ማታ ትክ ብለው ማየት ያዙ። ይህ ነገር ልጅቱን አበገናት። ያን ሁሉ ገንዘብ የፈጀ ዕቃ ለዝንብ ማረፊያ ሊሆን! ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ልትጠይቅ በመጣች ጊዜ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ «እናትሽስ ብልህ ናቸው! ቆጣሪ የማይቆጥርበትን ፊልም አገኙ» አለች።

«ጃጅታለች» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የጃጀ ሰው ይዘዝ፤ ያላበደ ሰው እንዴት ይገዛል?»

አቧራውን የምትወለውለውም በንዴት ነበር። ይባስ ብለው እናት «ደኅና አድርገሽ ወልውይው፣ ልጄ» ይሏታል፤ «ጥግ ጥጉንም።»

ብዙም ሳይቆይ የእናት የወርቅ ሀብል ከመሳቢያው ጠፋ። የልጅቱን ጩኸት ሰምቶ ያልመጣ ጎረቤት አልነበረም። በዚያው ሁሉ ሰው ፊት ወደ ወንድሟ ደወለች።

«ሀብሉ የወጣው ቴሌቪዥኑ በገባ ማግስት ነው!» አለችው። «የሹፌርነትህን ገቢ አላውቀውም እንዴ? የእናትህን አንገት አራቁተህ ግድግዳዋን አለበስክ!»

ሰፊዋ ከንፈሯን መጠጠች። «ሹፌር መቼም...» ብላ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው፤ ሌሎቹ ጨረሱላት።

ጭነቱን ሳያራግፍ መጣ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ሌባ? እኔን? በእናቴ ፊት?»

«ታዲያ ይሄንን በምን ገዛኸው?»

«እንቅልፌን ሸጬ ነዋ! መሪ ላይ እያንቀላፋሁ!» ወደ አልጋው ዞረ። «እማዬ፣ አንቺ ተናገሪ! ወስዷል ትያለሽ?»

እናት አልመለሱም። ዓይናቸው ጥቁሩ ገበታ ላይ እንደተተከለ ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት የእናት ዝምታ ከፍርድ ይከብዳል።

«አየህ?» አለች እህት። «ስማኝ፤ ዛሬ ወይ ይሄ ጉድ ከግድግዳው ይውረድ፣ ወይ እኔ ሻንጣዬን ላንሣ። እኔ ከወጣሁ ማን እንደሚያገላብጣት እናያለን! በመኪናህ ጭነሃት ትዞራለህ?»

ወንድምየው እናቱን አየ። ሚስት የለው፣ ቤት የለው፤ እሷ ከሄደች እናቱ ውኃ የሚያቀብላቸው አይኖርም። እህቱ ክፉ ብትናገርም እናቱን የምታኖር እሷ ናት። ጥርሱን ነክሶ በሩ ሥር ካስቀመጠው የመሣሪያ ቦርሳ ላይ ጎንበስ አለ፤ ካቻቪቴውን ሲፈልግ ብረቱ ተንኳኳ።

«እወስደዋለሁ» አለ ቀና ሳይል። «አንቺ ብቻ አትሂጂ።»

እህት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ቁጣዋ ረገበ፤ እንደ ልማዷም በራስጌው በኩል ዞራ ቁም ሣጥኑን ልታስተካክል ሄደች። ሳሙና የተቀባው መሳቢያ ድምፅ አላሰማም።

«ልጄ» አሉ እናት አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ ዓይናቸውንም ከተዘጋው ቴሌቪዥን መስታወት ሳይነቅሉ፤ «ጉትቻዬን ደግሞ እንደ ሀብሉ ጉያሽ ውስጥ አትክተቺው፤ ወንድምሽ ቀና ሳይል መልሺው።»