የቁንዶ በርበሬው ምስክር

«ውሸት ከሆነ ይኼ ጣሪያ ከነኮርኒሱ ይደፋብኝ!» አለ ነጋሪት፣ መዳፉን ፕላኑ ላይ እያሳረፈ። «አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ከጉሮሮዬ ተነቅላ ትውደቅ! እንዲያውም ቀንሼ ነው የምነግርሽ።»

ወጣቷ ንድፍ አውጪ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ያመጣችው የቢዝነስ ፓርክ ፕላን ጠረጴዛውን ሞልቶ በሁለት ጎን ተንጠልጥሏል። ነጋሪት ነገ ለሰው ሲያወራው ግን ቢሮው ጠቦት ጫፉ ደረጃው ድረስ መውረዱ አይቀርም። የመስታወት ሕንፃዎቹ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ሣሩ፣ በመስመር የተደረደሩት ችግኞች፣ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። የጎደለው ፊርማ ነው። የሕንፃ መርማሪዋ ጠዋት ፈርማለች፤ የአረንጓዴ ቦታ መርማሪው ነጋሪት ግን ዋናው መግቢያ አጠገብ ያለች አንዲት ክብ ምልክት ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ክቧ አሮጌ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ናት። በላይዋ ቀይ መስቀለኛ መስመር ተሠርቶባታል፤ ይቆረጥ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እኮ መኪና የሚገባበት ላይ ነው የቆመው።»

«መኪናው ይዙራ! ጎማ የተሠራለት ለምን ሆነና? ዛፉ ጎማ የለው፣ እሱ ይዙር ልትዪኝ ነው?»

በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለ ዛፍ የሚተርፈው ታሪክ ካለው ብቻ ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል፤ ቦታው ላይ የኖረ ሌላ ሰው ደግሞ ያረጋግጣል። የሚያረጋግጥ ከጠፋ መጋዝ ይገባል። ፕላኑ ደግሞ ዛሬ መዘጋት አለበት።

«እዚያ ዛፍ ሥር ነበር የምንገናኘው» አለ ነጋሪት፣ ወንበሩን ወደፊት እየሳበ። «አመሻሽ ላይ ትመጣለች። አመጣጧን ብታዪ! መንገዱ ጸጥ ይላል። አውቶቡስ ይቆማል። ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ አገጩን መሪው ላይ ያስደግፋል፤ ከተሳፋሪው ትንፍሽ የሚል የለም።»

«አውቶቡስ?»

«ሁለት አውቶቡስ! የሚወጣውም የሚወርደውም!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ነጋሪት ሲሳቅለት ይፋፋማል። ቤቱ ሲገባ «እንዴት ዋልክ» የሚለው ስለሌለ፣ ያለ የሌለ ወሬውን እዚህ አራግፎ ነው የሚሄደው።

«ቅርንጫፉ መሬት ድረስ ወርዶ እንደ መጋረጃ ይከልለናል። ምን ዋጋ አለው፣ አባቷ ቱጃር ነበር። የጭነት መኪኖቹ ጉዞ ሲጀምሩ የፊተኛው ድንበር ደርሶ የኋለኛው ገና ከግቢ አልወጣም! ለሌላ ዳራት። በተለያየንበት ቀን ግንዱን አቅፋ ስታለቅስ፣ ዛፉ ያለ ወቅቱ ቅጠሉን አረገፈ። ‹ይህን ዛፍ አደራ› ብላኝ ሄደች።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ያ ጎርናና ድምፁ ሰለል አለ። ልጅቷ ሳቋን ትታ እርሳሷን አነሣች።

«እሺ ጋሼ፣ አረጋጋጩ ማን ይሁን?»

«አረጋጋጭ? ሞልቶ! ባለሱቁ አለ…» ባለሱቁን ቀብሮታል። «ልብስ ሰፊዋ…» ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደገባች እንጃ። «ጫማ ጠጋኙስ ቢሆን…»

እጁ ኪሱ ገብቶ ስልኩን ዳበሰና ባዶውን ተመለሰ። ከተማውን በሙሉ ለምስክርነት ሊጠራ የተነሣ ሰው፣ የሚደውልለት አንድ ሰው አጣ። በመስኮቱ ማዶ ሠራተኞች ሁለት ሦስት እየሆኑ ወደ በሩ ይወርዳሉ።

«እኔ እዚያ ነበርኩ» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

የሕንፃ መርማሪዋ ናት። የእሷና የእሱ ወንበር ጀርባና ጀርባ ነው፤ እሷ ስለ ብረትና ሲሚንቶ፣ እሱ ስለ ሣርና ዛፍ ሲያስቡ፣ ፀጉራቸው እዚሁ ክፍል ውስጥ አብሮ ሸብቷል። እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች። ሌላ ነገር የላቸውም።

«አንቺ? የት ጋ?»

«ከዛፉ ፊት ለፊት። አረንጓዴ መስኮት ያለው ቤት።»

«እንዴ! ነግረሽኝ አታውቂም እኮ!»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ነጋሪት ሳቀና ወደ ልጅቷ ዞረ። «አየሽ የኔ ልጅ፣ ምስክር ከሰማይ ወረደልኝ! በይ ንገሪያት፤ አውቶቡሶቹን እንዳትረሺ!»

የሕንፃ መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ ወንበሯን አዞረች። ልጅቷን አላየችም፤ እሱን ነው ያየችው።

«በዚያ መንገድ አውቶቡስ አልፎ አያውቅም» አለች፣ ቀስ ብላ። «እሷም አልመጣችም። አንድም ቀን። የተተኮሰ ሸሚዝህን ለብሰህ ትመጣና ዛፉን ተደግፈህ ትቆማለህ። ሲጨልም ትሄዳለህ። ብቻህን ነበርክ።»

የልጅቷ እርሳስ ወረቀቱ ሳይደርስ ቆመ። ነጋሪት መዳፉን ቀዩ መስቀለኛ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ዛፉ ይቆይ፤ እኔ አረጋግጣለሁ» አለች መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ። «‹ሰው ይጠብቁበት ነበር› ብለሽ ጻፊ።»

ከዚያ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«እናቴ ‹ያ ልጅ ዛሬም ቆሟል› ትል ነበር። አንድ ቀን ውሃ ቀድቼልህ ወጣሁ። እስከ ግቢያችን በር ደርሼ፣ ምን እለዋለሁ ብዬ… ደጃችን ያለው አበባ ሥር ደፋሁት።»